ቪታራዬን በራቭ ፎር ልለውጥ? ከጠባሴ እስከ አልዩ አምባ

ባለቤቴ «ቶዮታ እኮ ነው» ማለት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። የእኔ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ አንድ ነገር በተንኳኳባት ቁጥር ይህችው ቃል ትመጣለች። ባለፈው ጥር ግን ነገሩ ከእራት ወሬ አለፈ። አንድ ደላላ የ2007 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር ከነባለቤቱ ይዞ ደጃችን ቆመ። የተባለው ልዋጭ ነው፤ ቪታራዋን እሰጣለሁ፣ ስምንት መቶ ሺህ ብር እጨምራለሁ፣ ራቭ ፎሩን እወስዳለሁ። የደላላው ኮሚሽን ለብቻው።

ጭማሪው ይህን ያህል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉትን አሮጌዎች እርስ በርስ እየተቀያየርን ነው። መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው የሚጨምርበት ዘመን ላይ ደርሰናል። እኔ የማክማቸው በጎች እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ መንዝ ሁሉ በከበረ።

ሥራዬን ካልነገርኳችሁ ፍርዴ አይገባችሁም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በግል ነው የምሠራው፤ ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከተማ ውስጥ ነኝ። አንድ ቀን በጣርማበር በኩል ወደ መዘዞና ሞላሌ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ በአንኮበር አድርጌ ወደ አልዩ አምባ እወርዳለሁ። ከኋላ የክትባት ሳጥን ከነበረዶው፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ አልፎ አልፎም የታመመች በግ አለች።

መጀመሪያ የራቭ ፎሩን በጎ ጎን ልናገር፤ ብዙ ነውና። ዕቃ መጫኛው ሰፊ ነው። የእኔዋ ላይ የክትባት ሳጥኑን ካስገባሁ በኋላ ለሌላው ዕቃ የኋላ ወንበር ማጠፍ አለብኝ፤ እዚያ ላይ ሁሉም ገባና ቦታ ተረፈ። የኋላ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ልጆቼ በዚህ ብቻ ልባቸው ተሰረቀ። አስፋልት ላይ ዝም ያለ ነው። ነዳጅ ላይም ይሻላል፤ የእኔዋ በሊትር ከስምንት ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፍም፣ እሱ በዚያው መንገድ ወደ አሥር ተጠጋ። ማደያ ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሞተሩም ገፊ ነው። 2.4 ሊትር፣ ወደ 170 የፈረስ ጉልበት፤ የእኔዋ 2.0 ሊትር፣ 140። ወረቀት ላይ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል እየጣለ ነው የሚወጣው፤ አየሩ ይሳሳበታል። ሒሳቡን ስሠራው የእኔዋ ጠባሴ ላይ ቆማ የቀራት መቶ ፈረስ ነው፤ ጣርማበር አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን ከዚያም ታንሳለች። ደብረ ሲና ላይ ጠዋት ሙዝ ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ከፊቴ ከገባ ጣሊያን እስከ በሳው ዋሻ ድረስ ጭሱን እየሳብኩ ነው የምከተለው። በራቭ ፎሩ አንዱን አልፌዋለሁ። ባለመኪናው ጋቢና ከጎኔ ተቀምጦ እጀታውን ጨብጦ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሸዋ ሮቢት ስወርድ እኮ የእኔዋም ትንፋሿ ይመለስላታል፤ ችግሩ ኑሯችን ደጋ መሆኑ ነው።

ከጣርማበር ስንመለስ መኪናውን መካኒኬ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ነው የምላቸው፤ በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ። ኮፈኑን ከማስከፈታቸው በፊት ሞተሩን አስነሥተው ከኋላ ሄዱና ማርሚታው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጭሱን ተመለከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የዘይቱን ዘንግ መዝዘው አዩ። «ልጄ፣ ይቺ 2.4 ስሟ የሚነሳው በዘይት መብላት ነው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሞተር ለተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ፒስተንና ቀለበት በነፃ የቀየረበት ጊዜ ነበር። ይኼኛው ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ እንዲያውም «ሞተሩ አልተከፈተም፣ ከለሩም የራሱ ነው» ብለው መሰከሩ። ደላላው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ «ዶክተር፣ እንዲያው ዛሬ ውሉን እንጨርስ» አለኝ። አንኮበርን ሳላይ አልፈርምም አልኩት።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእኔ ፈተና ግን ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። አልዩ አምባ በድሮ ጊዜ ከባሕር ጠረፍ የሚመጡት የሲራራ ነጋዴዎች ከአንኮበር ሥር የሚያርፉበት ገበያ ነበር፤ በግመልና በበቅሎ ሲወጣ የነበረውን ዳገት ነው እኛ በጎማ የምንታገለው። ጠመዝማዛ፣ ልቅ ድንጋይ፣ አንዳንድ ቦታ ዝናብ የቦረቦረው ነው። ያን ቀን ደግሞ ሙሉ ጭነት ይዤ ነበር፤ ባዶ መኪና ነድቶ መፍረድ ሰውን ሳይርበው ምግብ እንደማስቀመስ ነው።

ራቭ ፎሩ አውቶማቲክ ነው፤ አራት በአራቱም ሲያስፈልግ ብቻ የኋላውን ጎማ የሚጠራ ዓይነት ነው። የሚቆለፍበት ቁልፍ አለው፤ ፍጥነቱ ከአርባ ሲያልፍ ግን ራሱ ይለቃል። ጭቃ ላይ ይበቃል፤ ጠዋት አንኮበር መንገድ ላይ ውርጩ ቀልጦ ያላቆጠው ቦታ ላይ ሳይንሸራተት አለፈ። የሌለው ነገር ሎው የምንለው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። የእኔዋ አላት። ማብሪያውን አዞርኩና «4ኤል» ላይ ሳደርገው የሞተሩ ጉልበት ጎማው ላይ ሲደርስ በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግሬን ከፍሬኑ አንሥቼ ሞተሩ ራሱ ይዟት ይወርዳል፣ በሰው እርምጃ። በራቭ ፎሩ ማርሹን ታች አድርጌም በፍሬን ነበር የምይዘው። ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። ወርደን ድንጋይ አስደግፈን እስኪበርድ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ይህን የመኪናው ጉድለት አድርጌ አልቆጥረውም፤ ከተማና አስፋልት ታስቦ የተሠራን መኪና ሙሉ ጭነት ጭኜ ገደል ያወረድኩት እኔ ነኝ። ባለመኪናው በቆምንበት «እኔ እኮ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ብቻ ነው የምመላለስበት» አለኝ። ሐቀኛ ልጅ ነው። ፍርዱን ግማሹን እሱ ፈረደው።

ሲወጣስ? ወጣ። ግን ልቅ ድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት አልቻለም፤ ግፊት ካልሰጠሁት ይቆማል፣ ከሰጠሁት ጎማው ይሽከረከርና ድንጋዩን ይረጫል። የክትባት ሳጥኔ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ ማሰብ ነበረብኝ።

ቪታራዋን ግን ከነዓመሏ ልናገር እንጂ አላወድሳትም። የኋላ አሞርዛቶሯ ደክሟል። ወንበሯ ከመዘዞ መልስ ወገብ ይቆርጣል። አምና ሞተሯ ሞቆ መንገድ ላይ የቆመችው ደግሞ በእኔ ጥፋት ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ አልቆ ሳለ ቸል ብዬ ውሃ ብቻ እየጨመርኩ ነዳሁ። ቆላ ላይ ምናልባት ያልፍ ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ ግን ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት ነው፤ ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው ውሃው በረዶ እንዳይሆን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። የደጋ መኪና የያዛችሁ ሁሉ፣ ክዳኗን እዩዋት፤ ከሁሉም ርካሿ ዕቃ ናት።

መለዋወጫ ላይ ባለቤቴ ትክክል ነው። የራቭ ፎር ዕቃ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት ሱቅ ጠይቄ ሁለቱ ጋ አገኘሁ። ለቪታራ ብዙውን ጊዜ ሰው ወደ አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ መላክ ወይም በአውቶቡስ ማስመጣት ነው፤ ሁለት ቀን ትቆማለች። ስትሸጥም ቶዮታ ገዢ አያጣም።

ኤሌክትሪኩን ለምን አልሞከርሽም የሚለኝ ጎረቤት አለ። ሞክሬዋለሁ፣ የሰው ነው፣ ከተማ ውስጥ። ጣርማበርን ስታስቡ በጣም ያጓጓል፤ ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ቁልቁል ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን የደብረ ብርሃን ብርድ የባትሪውን ርቀት ያሳጥራል፤ ሞላሌ ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከበጎቹ ጋር ማደሬ ነው። ከከተማ የማልወጣ ብሆን ያለ ክርክር እሱን ነበር የምለው።

ማታ ስምንት መቶ ሺውን ወረቀት ላይ አስቀመጥነው። ባለቤቴ የነዳጁን ቁጠባ ደመረ፣ እኔ የኮሚሽኑንና የስም ማዛወሪያውን። በነዳጅ ብቻ ጭማሪውን ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ መንዳት ነበረብን። «ሽያጩስ?» አለኝ። «የምሸጠው መቼ ነው?» አልኩት። ዝም አለ፤ ቀጥሎ «እንግዲህ አንቺ ነሽ የምትነጂው» አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ስለዚህ አልለወጥኩም። ሥራችሁ አስፋልት ላይ ከሆነ፣ ቤተሰብ ጭናችሁ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ጭሱንና ዘይቱን አስፈትሻችሁ ራቭ ፎሩን ውሰዱ፤ ብሩ ካለ አይቆጭም። ከመንገድ የምትወጡ ከሆነ የመኪናውን አርማ ትታችሁ ማርሹ አጠገብ ሎው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ራቭ ፎሩን በሳምንቱ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወሰደው፤ ጠዋት ጠዋት ታጥቦ ቆሞ አየዋለሁ። እኔ ከሱማሌ ተራ ሁለት አሞርዛቶርና አንድ የራዲያተር ክዳን አስመጣሁ፤ ጋሼ የእጃቸውን ቀንሰው ገጠሙልኝ። ባለቤቴ ትናንት ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ፕራዶ ነው።