ሙሉ አክስል መቀየር ወይስ ሎክ ብቻ ማስገባት?

ክረምት ላይ ከሱሉልታ አስፋልት ወጥቶ ጥቁር ጭቃ ውስጥ የገባ ያውቀዋል። አንዱ ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ተራ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን፣ ለሁለቱም እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው፤ የሚንሸራተተው ጉልበት ካልተቀበለ የቆመውም አያገኝም። ሎክ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ያስራቸዋል።

ወጪ፦ ሎክ ያለው ያገለገለ ሙሉ አክስል (ሁለቱን ጎማ የያዘው ብረት ከነዲፈረንሻሉ) ሶማሌ ተራ ከተገኘ ዋጋው እንደ ክርክራችሁ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራው አዲስ የአየር ሎክ ከውጭ ይመጣል፤ ነገሩ ዶላር ነው።

ቅለት፦ አክስሉ ስፋቱና የባሌስትራው መቀመጫ ከገጠመ ወርዶ ይገባል። የአየር ሎክ ግን ዲፈረንሻሉ ተፈትቶ የጥርሱ ክፍተት በመለኪያ ይስተካከላል። በዓይን ግምት የሚገጥም መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ ውጡ። አየር የሚገፋ ኮምፕረሰርና ቀጭን የአየር ቱቦም ይገጠማል።

አደጋ፦ እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋ ነው። ጥርስ ሳልቆጥር የኋላ አክስል ገዛሁ። የዲፈረንሻሉን ትልቅ ጊር የጥርስ ብዛት በትንሹ ጊር የጥርስ ብዛት አካፍሉ፤ የፊቱና የኋላው ውጤት አንድ መሆን አለበት፦ 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ነው፣ 43 ለ10 ደግሞ 4.3። የእኔ ፊቱ አንዱ፣ ኋላው ሌላው ሆነ። ፎር ዊል ሳስገባ ደረቅ መሬት ላይ መኪናው ራሱን በራሱ ይጎትት ጀመር። መልሼ አስፈታሁት። የአየር ሎክ የራሳችሁን ጥርስ ስለሚጠቀም ይህ ጣጣ የለውም፤ ቱቦው ካፈሰሰ ግን ሎኩ አይዝም።

አክስላችሁ ያለቀና ጭነት የምታበዙ ከሆነ ሙሉውን ቀይሩ። አክስሉ ጤነኛ ሆኖ እንጦጦ ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምትወጡ ሎኩ ይበቃል።