ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ለችፌ፦ ድሬዳዋ ላይ የትኛው ይገዛ፣ እንዴት ይቀባ

ችፌ (ኤክዚማ) ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ሲፈዝ፣ የተነገረውን ቶሎ ሲረሳ፣ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ጠባዩ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ማታ እንዴት አደረ የሚለው ነው። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ ልጁ ሙሉ በሙሉ ባይነቃም እንኳ ሲቧጭርና ሲገላበጥ ያድራል። ስለዚህ ቀፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ፣ የሰፈር ሱቅም ሆነ ፋርማሲ የሚሸጡትን የልጅ ቅባቶች የመዘንነው በአንድ ነገር ነው፦ ልጁን ያስተኛዋል ወይ? በዚህ ሚዛን የምንመርጠው ሽታ የሌለውን ነጭ ቫዝሊን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከተሰበሰበ አገር አቀፍ የጤና መጠይቅ ተነስቶ በ2024 የወጣ ጥናት አለ። ችፌ ካለባቸው ልጆች 10.8 በመቶው ለመማር፣ 11.1 በመቶው ለማስታወስ እንደሚቸገሩ ተገልጿል፤ ችፌ በሌለባቸው ግን ቁጥሩ 5.9 እና 5.8 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በተለይ የትኩረት ችግር (ኤዲኤችዲ) ወይም የመማር እክል በተደረበባቸው ልጆች ላይ ነው። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ችፌ ያለበት ልጅ ሁሉ ትምህርት ይከብደዋል ብሎ መፍረድም ልጁን መበደል ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን ትኩረቱ እንደሚበተን አያከራክርም፤ ወላጅ እቤቱ ሊያስተካክል የሚችለውም ይህንኑ ነው።

የችፌ ቆዳ ውሃ አይቋጥርም። ቫዝሊን ላዩ ላይ ተዘርግቶ ውሃው እንዳይተን ይከለክላል፤ ውሃ ግን ራሱ አይሰጥም። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ይቀቡትና «አልሠራም» ይላሉ። ልጁ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይታጠብ፣ በፎጣ ሳይታሽ ጫን ጫን ተደርጎ ይድረቅ፣ ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይቀባ። በጀሪካን ውሃ ለሚኖር የሐረር ቤትም ይኸው ይሠራል፤ እጅና እግሩን በረጠበ ጨርቅ አርሶ ወዲያው መቀባት ይበቃል። የቆዳው ፀጉር በተኛበት አቅጣጫ ወደ ታች ማንሸራተት እንጂ ማሸት አያስፈልግም፤ ማሸት የፀጉሩን ቀዳዳ ይደፍንና ብጉር ያወጣል።

መጠኑ ላይ ሰው ይሰስታል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ችፌ ላለበት ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ ይላል። ቫዝሊን ወፍራም ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ሊበቃ ይችላል፤ ቢሆንም በመመሪያው ዝቅተኛ መጠን እንኳ ስንሄድ ባለ 50ዋ ትንሽ ብልቃጥ ሁለት ቀን አትሞላም። ትልቁን ግዙ። ብልቃጡ ላይ ያለው ዝርዝር ፔትሮላተም የሚል አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ትክክለኛው ነው፤ ፓርፉም ወይም ፍራግራንስ የሚል ከተጨመረበት ይቅር። «ለሕፃናት» የሚል ጽሑፍና የሕፃን ፎቶ ሽታ የለውም ማለት አይደለም። ከብልቃጡ በጣት ሳይሆን በንጹሕ ማንኪያ ይቀዳ።

ጉድለትም አለው። በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሊቀልጥ ይችላል፤ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ቀን በወፍራሙ ከተቀባ ላብን ያፍናል፣ ሙቀት ሽፍታም ያወጣል፤ ስለዚህ ቀን ስስ፣ ማታ ወፈር ይበል። አንሶላና ልብስ ያበላሻል። ቅባት የጠጣ ልብስ ደግሞ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ የተቀባ ልጅ ከከሰል ምድጃና ከዕጣን ማጨሻ ይራቅ። ጭሱ ራሱም ቆዳውን ይቆጣዋል።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ያልተበጠበጠ ግሊሰሪን የተሰነጠቀ ቆዳን ያቃጥላል። የወይራ ዘይት የቆዳውን መከላከያ ሊያሳሳ ይችላል። ቅቤና ሌላ የሚበላ ነገር የቆሰለ ቆዳ ላይ መቀባት ለምግብ አለርጂ በር ሊከፍት ይችላል። ቀሲል አረፋ የሚያወጣ ማጠቢያ ነውና ለጤነኛ ፊት ይሁን፤ የችፌን ቆዳ ይበልጥ ያደርቀዋል። የድሬ ውሃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ድንጋይ የሚሠራ ከባድ ውሃ ስለሆነ ሳሙናው በደንብ አይለቅም። ሳሙና ለብብት፣ ለእግርና ለቆሸሸው ቦታ ብቻ ይሁን፤ የልጁ ልብስም አንድ ዙር ተጨማሪ ይለቅለቅ።

አጥብቀን የምንቃወመው ማታ ማታ የሚሰጠውን የሚያስተኛ ሽሮፕ ነው። ሽሮፖቹ ውስጥ ያሉት ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ልጁን ያደነዝዙታል እንጂ የችፌን ማሳከክ እምብዛም አይነኩትም፤ ማሳከኩ በዋናነት በሂስታሚን (አለርጂ ሲነሳ ሰውነት በሚለቀው ኬሚካል) የሚመጣ አይደለምና። ድንዛዜው ጠዋት ክፍል ድረስ ይከተለዋል። እንቅልፍ ነስቶት የፈዘዘውን ልጅ በመድኃኒት ይበልጥ ማፍዘዝ ነው። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨርሶ አይሰጥም።

ቆዳው ከተቆጣ ቫዝሊን ብቻውን አይበቃም። ጠይም ቆዳ ላይ ቁጣው ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ግራጫ ይላል፣ ይሻክራል። ያኔ ሐኪም የሚያዘው እንደ 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲሶን ያለ ክሬም ያስፈልጋል። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቱቦው የሚወጣው ክሬም ጣቶቹን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። በክሬሙና በቫዝሊኑ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይለፍ። ቆዳን ለማቅላት ተብሎ የሚሸጥ ክሎቤታሶል ያለበት ቱቦ ግን የልጅ ፊት እንዳይነካ፤ ቆዳን ያሳሳል፣ ጭርትን ደግሞ ያስፋፋል።

ቤተሰቡ ሁሉ ሌሊት የሚያከው ከሆነና በጣቶች መካከል ሽፍታ ካለ እከክ ሊሆን ይችላልና በቫዝሊን ጊዜ አይጥፋ። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም የሚያም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በአንድ ቦታ ከተከማቸ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፣ አለዚያም ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይወሰድ።

ትምህርት ቤት ሲሄድ ትንሿ ብልቃጥ ተሞልታ ቦርሳው ውስጥ ትግባ፤ ትልቁ እቤት ይቅር። የሱፍ ሹራብ ካስገደዱት ከሥር ስስ የጥጥ ካናቴራ ይልበስ። መምህሩም ልጁ ሲያከው «ተው!» ብሎ ከመጮህ ወጥቶ እንዲቀባ ቢፈቅድለት ይሻላል፤ ላለማከክ መታገልም ከትምህርቱ ሐሳቡን ይወስደዋል።