«ሁሉን ያካተተ» የኢኳዶርና የጋላፓጎስ ጉዞ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖቻችን አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። «ኢኳዶርና ጋላፓጎስ፣ 8 ቀን፣ ሁሉን ያካተተ» ይላል። የሚሸጠው እዚሁ አሜሪካ ያለ የጉዞ ወኪል ነው። ስሙን አልጠራም። እኔና ባለቤቴ ግን ከዚሁ ወኪል ገዝተን ሄደናል፤ የተሸጠልንና ያገኘነው ለየቅል ነው። ገና ቀብድ ያልከፈላችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በአገሯ ላይ ቅሬታ የለኝም። ኢኳዶር በስፋት የኢትዮጵያን ሩብ ያህል ናት፤ ሆኖም የፓሲፊክ ዳርቻው፣ የአንዲስ ተራሮች፣ የአማዞን ደንና የጋላፓጎስ ደሴቶች ሁሉም እሷ ዘንድ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በዚያው የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች ሁለቱ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶና ጋላፓጎስ ነበሩ። ለማየት የሚጓጓላት አገር ናት። ሻጮቹም የሚይዙን በዚሁ ጉጉት ነው። ትንሽ አገር ስለሆነች በሳምንት ሁሉን አዳርሳችሁ ትመለሳላችሁ ይላሉ።

ከቀኖቹ ልጀምር። 1ኛ ቀን የተባለው ማታ ኪቶ ገብቶ መተኛት ነው። 8ኛ ቀን የተባለው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ነው። በመሃል ያሉት «የጋላፓጎስ 4 ቀናት» ደግሞ ሲቆጠሩ ሁለት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ደሴቶቹ ከዋናው መሬት ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ከኪቶ የሚነሳው በረራ ብዙውን ጊዜ ጓያኪል በምትባለው ሌላ የኢኳዶር ከተማ ያርፋል። ከዚያ ባልትራ ደሴት ትደርሳላችሁ፤ አውቶቡስ ይዛችሁ፣ የኢታባካን ወሽመጥ በጀልባ ተሻግራችሁ፣ እንደገና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዛችሁ ፑዌርቶ አዮራ ከተማ ስትገቡ ቀኑ ተጋምሷል። መመለሻውም እንዲሁ በጠዋት ነው። ሌሎች ወኪሎችም እንዲህ ይቆጥራሉ፤ ሐቀኞቹ ግን ሲጠየቁ ይናገራሉ። የእኛው ስንጠይቀው «አትጨነቁ፣ ሙሉ 4 ቀን ነው» ነበር ያለን።

ከዚህ የባሰው ጀልባው ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው እየተኙበት የሚጓዙበት ባለ ካቢን ጀልባ ነው። እኛ ያገኘነው ግን ከተማ ውስጥ ሆቴል፣ ቀን ቀን ደግሞ ደርሶ መልስ የሚወስድ ፈጣን ጀልባ ነበር። የሆቴሉ አማራጭ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ ማዕበል ለማይስማማው ሰውም ይሻላል። ግን ሁለቱ በዋጋም በሚያሳዩትም አይገናኙም። ማስታወቂያው ላይ መብረር የተሳነው ኮርሞራንት የሚባለው የባሕር ወፍ ፎቶ አለ። ይህ ወፍ በዓለም ላይ ያለው ፈርናንዲናና ኢዛቤላ በሚባሉት ደሴቶች ዳርቻ ብቻ ነው። ፈርናንዲና ከፑዌርቶ አዮራ ደርሶ መልስ የሚደረስባት አይደለችም። የእኛ ጉዞ ወደዚያ አቅጣጫ ዝር አላለም። በምትኩ «ልዩ ሽርሽር» ተብሎ የተቆጠረልን ቶርቱጋ ቤይ ነበር። እጅግ ውብ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ነገር ግን ከከተማው ማንም ሰው 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዶ በነጻ የሚያየው ነው።

ስንቆጣ ወኪሉ ውሉ ላይ ያለችን አንዲት መስመር አወጣልን። «አገልግሎቱ በተመጣጣኝ ሊተካ ይችላል» ትላለች። ስለዚህ የጀልባው ስም ውሉ ላይ ካልተጻፈ አትፈርሙ። «የጉዞ መስመሩ ገና አልታወቀም» የሚል መልስም አትቀበሉ፤ የጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር ለእያንዳንዱ ጀልባ መስመሩን አስቀድሞ ነው የሚያጸድቀው።

«ሁሉን ያካተተ» የሚለው ቃል ደግሞ የፓርኩን መግቢያ አያካትትም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ የውጭ ጎብኚ ከ100 ወደ 200 ዶላር አድጓል፤ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች 100 ነው። ደሴቱ ላይ እንደወረዳችሁ በጥሬ ገንዘብ ትጠየቃላችሁ። ከመብረራችሁ በፊት የምትገዙት የመሸጋገሪያ ካርድም 20 ዶላር ነው። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የአውሮፕላን ቲኬታችሁንም እዩት። ወደ ደሴቶቹ የሚደረገው በረራ ለአገሬው ነዋሪ ርካሽ ዋጋ አለው፤ የውጭ ሰው በዚያ ዋጋ ከተቆረጠለት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ልዩነቱን ይከፍላል። እኛ ከፍለናል።

በጣም ያናደደኝ ደረሰኙ ላይ ያለው «የምንዛሪ ክፍያ» ነው። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። ምን ተመንዝሮ?

ስለ ጤናም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ከገንዘቡ ይብሳል። ኪቶ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ከአዲስ አበባ 500 ሜትር ያህል ትበልጣለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ አይበግረኝም ብሎ ያስባል፤ ግን ዓመታት ቆላ ውስጥ የኖረ ሰውነት ረስቶታል። የእኛ ፓኬጅ በ2ኛው ቀን በቀጥታ ወደ ኮቶፓክሲ እሳተ ገሞራ መጠለያ ይወስዳል። ቦታው ከ4,800 ሜትር በላይ ነው። አብራን የነበረች የደም ግፊት ያለባት እናት እዚያ ክፉኛ ታመመች። ኮቶፓክሲን ማየት የምትፈልጉ ወደ መጨረሻው ቀናት ይዛወርልን በሉ፤ እምቢ ካለ ተዉት።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ደግሞ «ቪዛ አያስፈልግም» የሚለውን አትመኑ። ያ ለአሜሪካ ፓስፖርት ነው። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ከኢትዮጵያውያን ቪዛ ትጠይቃለች። ያላችሁን ሰነድ ይዛችሁ ከቆንስላው በቀጥታ ጠይቁ፣ የወኪል ቃል አይበቃም።

ሳምንት ብቻ ካላችሁ፣ እኔ ብሆን ኪቶንና ጋላፓጎስን ብቻ እይዛለሁ። ወይም ደሴቶቹን ትቼ ተራራውንና አማዞንን። አራቱንም በአንድ ሳምንት የሚል ፓኬጅ የሚያሳያችሁ የአውቶቡስ መስኮት ነው።

ክፍያውን በተመለከተ ወኪሉ «በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በቀጥታ በሚላክበት አገልግሎት) ከላካችሁ ቅናሽ አለ» ይላል። በዜል የላካችሁት ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ከሄደ ሄደ። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ግን የተሸጠላችሁን ካላገኛችሁ ባንካችሁ ጋ ክርክር ማንሳት ትችላላችሁ። ካርድ አልቀበልም የሚል ወኪል ጋ አትቆዩ።

እኛ ለስቴታችን የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገብተናል። ከዚሁ ወኪል ገዝታችሁ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን፣ ውሉንና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አስቀምጡ፤ ፖስቱን ሊያጠፋው ስለሚችል ዛሬውኑ አንሱት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቤቱታው የሚሞላበትን ፎርም እልክላችኋለሁ።