የሻኪሶ ኤመራልድ ነው ተብሎ ድንጋይ ከቀረበላችሁ ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉ

ትናንት ምሳ ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ ስድስት ጎን ያለው አረንጓዴ ዘንግ ተሰክቶበታል። ልቤ ቀጥ አለ። ከአምስት ወር በፊት እኔ በ140,000 ብር የገዛሁት ዓይነት ነው። እሷን አስቁሜያታለሁ፤ ሌሎቻችሁም እንዳትገቡበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ብሩ የእቁብ ዕጣዬ ነበር። ከሻጩ ጋር ያገናኘኝ ለዓመታት የማውቀው ሰው ነው፤ እሱም ተታልሎ ይመስለኛል። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀመጥን። ሻጩ አልቸኮለም፣ አልለመነኝም። ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ በጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ አካባቢ እንደሚወጣ፣ የዓለም ገበያም በ2016 እ.ኤ.አ. ገደማ እንዳወቀው፣ የሚገኘውም ማይካ (በስሱ የሚላጥ፣ የሚያብለጨልጭ ማዕድን) በበዛበት ጥቁር ድንጋይ ውስጥ መሆኑን አስረዳኝ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ የነገረኝ ሁሉ ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ ያመንኩትም በዚህ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር አሳየኝ። የስልኩን መብራት ከሥር ሲያበራበት አረንጓዴው ጥርት ብሎ በራ። ጉንጬ ላይ አስነካኝና «ቅዝቃዜው ይሰማሻል?» አለኝ። መጨረሻ ላይ ቁራጭ መስታወት አውጥቶ በድንጋዩ ጠርዝ ጫረው፤ መስታወቱ ተሰነጠረ። «እህቴ፣ ጠርሙስ ጠርሙስን እንዲህ አይጭርም» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ከለከለኝ፦ «ውሃ እንዳታስነኪው፣ ቀለሙ ይሸሻል።»

ድንጋይ የሚቆርጡና የሚሞርዱ አንድ አዛውንት ጋ የወሰድኩት ለእናቴ ቀለበት የምትሆን ፍሬ ላስወጣ ብዬ ነው። ጋሼ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ለአንድ ደቂቃ ያህል አዩትና ዝም አሉ። ከዚያ መነጽሩን ሰጡኝ። ውስጡ ክብ ክብ የአየር አረፋዎች ነበሩ። «ልጄ፣ ምድር ውስጥ ያደገ ኤመራልድ ውስጡ ስንጥቅና ጭረት፣ ጉድፍም አያጣውም። እንዲህ ጠርቶ አረፋ የያዘ የቀለጠ ጠርሙስ ነው» አሉኝ።

መስታወቱን የጫረው ታዲያ ምንድን ነው? ጥቁሩ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ያለች ነጭ ኳርትዝ ናት! ሞህስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚሄድ የጥንካሬ መለኪያ መስታወት 5.5 አካባቢ፣ ኳርትዝ 7፣ ኤመራልድ ደግሞ ከ7.5 እስከ 8 ነው። ስለዚህ መስታወት መጫር ኤመራልድነትን አያረጋግጥም፤ ወንዝ ዳር የሚለቀም ነጭ ድንጋይም ይጭረዋል። ጋሼ ነገሩን ገልብጠው አሳዩኝ፤ አረንጓዴውን ራሱን በኳርትዝ ስንጥር ጫሩት። ተጫረ። እውነተኛ ቢሆን ኳርትዝ ምንም አያደርገውም ነበር።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (አሴቶን) ውስጥ ነክረነው አደረ። ጠዋት አረንጓዴው ዘንግ ከጥቁሩ ድንጋይ ተላቀቀ። ቀዳዳው ውስጥ የማይካ ዱቄት የተለወሰበት ማጣበቂያ ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ እውነተኛ ነው፣ ማይካው እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ መሃሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። (ይህን በራሳችሁ ድንጋይ ላይ ካልሆነ አታድርጉ። እውነተኛ ኤመራልድ ስንጥቁ እንዳይታይ ብዙ ጊዜ ዘይት ይገባለታል፤ አሴቶን ያንን ዘይት ያወጣዋል።)

ከሁሉ ያስቆጨኝ ግን የውሃው ነገር ነው። ንጹህ ውሃ ኤመራልድን አይጎዳም። ሻጩ የፈራው ውሃ ውስጥ መመዘኑን ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። አረንጓዴውን ድንጋይ ብቻውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ታችና ጎኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙና ውሃ ሳይነካው የመዘናችሁትን የድንጋዩን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ኤመራልድ 2.7 አካባቢ ይሰጣል። ከጥቁሩ ድንጋይ የተላቀቀው የኔው ዘንግ 8.1 ግራም ነበር፤ ስለዚህ ሚዛኑ 3.0 ማሳየት ነበረበት። ያሳየው 3.24 ነው፤ ሲካፈል 2.5፣ የተራ ጠርሙስ ቁጥር። እርግጥ እርሳስ የተጨመረበት ጠርሙስ ከዚህ በጣም ይከብዳል፤ ውጤቱ 2.7 መጣ ብላችሁም በዚያ ብቻ አትግዙ። ሚዛኑም፣ አረፋውም፣ ጥንካሬውም አንድ ላይ መመስከር አለባቸው። ቀለምን ግን ምስክር አታድርጉት፤ አረንጓዴ ፍሎራይትም፣ ቱርማሊንም፣ የተቀባ ኳርትዝም አለ።

ደግሞ አንዱን ድንጋይ በሌላው ሕግ አትፍረዱ። ከወገል ጤና የሚመጣው የወሎ ኦፓል ከኳርትዝ ይለሰልሳል፤ ተጫረ ብሎ ሐሰት ነው ማለት ስህተት ነው። አብዛኛው ውሃም ይጠጣል፤ ሲነከር ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ጥቁር ኦፓል ተብሎ ውድ ዋጋ ሲጠራላችሁ ግን በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ እንዳይሆን ጠይቁ። ወርቅ መሳይ ፒራይት ደግሞ ሴራሚክ ጀርባ ላይ ሲፈተግ ወደ ጥቁር የሚያደላ መስመር ይተዋል፤ የወርቅ መስመር ቢጫ ነው።

ሰውየው ስልኩን ዘግቷል። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ የንግድ ፈቃዱንም አላየሁም፤ ለፖሊስ ሳመለክት በእጄ የነበረው ፎቶና የባንክ ዝውውር ብቻ ነው። እናንተ ብር ከመላካችሁ በፊት ደረሰኝም የንግድ ፈቃድም ጠይቁ፤ ድንጋዩንም ከሻጩ ጋር አብራችሁ እናንተ የመረጣችሁት ቆራጭ ጋ ውሰዱት። መንገድ ላይ ምክንያት ከደረደረ ወይም ኤመራልዱን «ውሃ አይንካው» ካለ ቡናችሁን ከፍላችሁ ተነሱ። ስድስት ጎን ያለው አረንጓዴ ዘንግ በጥቁር ድንጋይ ላይ ተሰክቶ የታየችሁ ካላችሁ ፎቶውን ከኔው ጋር ላስተያየው፣ በውስጥ ላኩልኝ።