ባነር ልታሳትሙ ነው? ጄፔግ፣ ፒዲኤፍ ወይስ ኦፕን ፋይል

የምረቃ ሰሞን ማተሚያ ቤት በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ ያው ነው፦ «በካሬ ስንት ነው?» እኔ ከደንበኛ ፋይል ተቀብዬ ለማሽን የማዘጋጅ ሰው ነኝ። እና ሁሌም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «ፋይሉ በምን ይመጣል? ባነሩስ የት ነው የሚሰቀለው?» በካሬ ጥቂት ብር ቀንሰው ያሳተሙት ባነር ፊቱ ተበጣጥሶ ወይም ስሙ ተቆርጦ ሲመጣ፣ ድጋሚ ማሳተሚያው ከኪሳችሁ ነው።

መጀመሪያ አላላኩን እንይ። ብዙ ሰው ፋይሉን የሚልከው በቴሌግራም ነው፤ ችግር የለውም። ግን «በፎቶ» መላክና «በፋይል» መላክ አንድ አይደሉም። በፎቶ ስትልኩ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ይህን 3 ሜትር ላይ ስንዘረጋው በአንድ ኢንች 11 ፒክስል እንኳ አይሞላም። ከሩቅ ሰው ይመስላል፣ ጠጋ ሲሉት የሸክላ ጡብ ግድግዳ ነው። ያንኑ ፎቶ በፋይል ከላካችሁት ሳይነካ ይደርሳል። በ12 ሜጋፒክስል ስልክ የተነሳ ፎቶ ረጅሙ ጎን 4000 ፒክስል ያህል ስለሆነ፣ 3 ሜትር ላይ በኢንች ወደ 34 ፒክስል ይሰጣል። ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ባነር ያስኬዳል። ሰው ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ለሚነሳበት ግን 100ና ከዚያ በላይ ብታመጡ ደስ ይለኛል።

«ዲዛይነሬ በኢንች 300 ፒክስል ካልሆነ አይሆንም አለኝ» የሚሉም አሉ። 300 የመጽሔትና የቢዝነስ ካርድ ልክ ነው። 3 ሜትር ባነር በ300 ቢሠራ ወርዱ ከ35,000 ፒክስል ይበልጣል፤ ተራው የፎቶሾፕ ፋይል ደግሞ ከ30,000 በላይ አይቀበልም። ኮምፒውተሩን ከማንቀራፈፍ ሌላ የሚያመጣው ነገር የለም።

አሁን ወደ ፋይሉ ዓይነት።

ጄፔግ ለደንበኛ የማያስጨንቅ ነው። ያያችሁት ይታተማል። ፊደል አይጠፋም፣ መስመር አይዘልም። ፎቶ ለሚበዛበት የሰርግ ወይም የልደት ባነር፣ በትክክለኛው ልክ ከተሠራ ይበቃል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ቀኑ ተሳስቶ ቢገኝ እኔ ጋ የሚታረምበት መንገድ የለም።

ፒዲኤፍ የኔ ምርጫ ነው። ጽሑፉና ሎጎው በፒክስል ሳይሆን በመስመር (ቬክተር በሚባለው) የተሠሩ ከሆኑ 1 ሜትርም ይሁን 5 ሜትር ጠርዛቸው ጥርት እንዳለ ይቀራል። ፋይሉም ቀላል ነው። ሎጎ ያለው ድርጅት ሌላ ነገር ባያመጣልኝ እመርጣለሁ። ከ5 ሜትር ለሚያልፍ ባነር ብዙ ፕሮግራም ስለሚያስቸግር 1 ለ10 አሳንሶ መሥራት ይቻላል። ይህ ከሆነ ግን ማሳነሱን ጽፋችሁ ላኩ፤ ካልተነገረኝ 10 ሜትሩን ባነር 1 ሜትር አድርጌ ላትመው እችላለሁ።

ኦፕን ፋይል ማለት የኢላስትሬተር፣ የኮረል ድሮው ወይም የፎቶሾፕ ዋናው ፋይል ነው። ሁሉም ነገር ይታረማል። ስሙ ብቻ የሚቀያየር 20 ባነር ላላችሁ ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን አደጋው ያለው እዚሁ ነው። በአዲሱ ኮረል የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም። ከውጭ የተያያዘው ፎቶ አብሮ ካልመጣ ቦታው ባዶ ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የአማርኛው ፊደል ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እስከ ዛሬ በእነሱ የተሠራ ፋይል ይመጣል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይሄኛው እንኳ ደግ ነው፤ ወዲያው ይታያል። ዩኒኮዱ ነው ተንኮለኛው። ፎንቱ ሲጠፋ ፕሮግራሙ በሌላ የአማርኛ ፎንት ይተካውና ጽሑፉ ደህና ይመስላል፤ ግን ፊደሉ ስለሚሰፋ የመጨረሻው መስመር ከሳጥኑ ወጥቶ ይሰወራል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖብኝ አላየሁትም። ባነሩ ላይ የሙሽራዋ ስም ብቻ ወጣ። ሙሽራው ያለ ስሙ ሊዳር ነበር፤ ሌሊቱን በራሴ ወጪ ደግሜ አተምኩት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመላካችሁ በፊት ዲዛይነሩ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይቀይረው፤ ብዙዎቻችን «ከርቭ ማድረግ» እንለዋለን። ያኔ ፎንት አያስፈልግም። የሚታረመውን ኮፒ ግን እናንተ ጋ አስቀሩ፤ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይጻፍም።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየው፣ ማሽኑ በቀለም ነው የሚያትመው። የሚያበራ አረንጓዴ፣ ደማቅ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሲታተሙ ደብዘዝ ይላሉ። ሰፊ ጥቁር መደብ ካላችሁ ድብልቁን ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ። ጥቁር ቀለም ብቻውን ግራጫ ይመስላል፤ የማሽኑን አራት ቀለሞች ሁሉንም 100 በመቶ ካደረጋችሁ ደግሞ ባነሩ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

የመስቀያው ነገር ደግሞ ከዲዛይኑ በፊት ይወሰን። ዳሩ ታጥፎ የብረት ቀለበት የሚመታበት ባነር ርካሽና ለአጥር የሚስማማ ነው። ቀለበቱ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቢሆን ጥሩ ይወጠራል። ጽሑፉ ግን ከዳር 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ ቀለበቱ ፊደል ይበሳል። እንጨት ወይም ቱቦ የሚገባበት ኪስ ቆንጆ አድርጎ ይዘረጋዋል፣ ግን ከላይም ከታችም ጨርቅ ይበላል። ስለዚህ ስታዙ «3 በ1» ብቻ አትበሉ፤ ከመታጠፉ በፊት ነው ወይስ ካለቀ በኋላ? በዚህች ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል።

ሮል አፕ፣ ማለትም ከመቆሚያው ወደ ላይ ተስቦ የሚቆመው ባነር፣ ለአዳራሽ ነው። 85 በ200 ሳንቲ ሜትር የሚባለው የተለመደው ልክ ሲሆን፣ ታችኛው ጫፉ መቆሚያው ውስጥ ይገባል። ስልክ ቁጥራችሁን እዚያ ካስቀመጣችሁት ማንም አያየውም። ውጭ፣ ያውም ነፋስ ላይ፣ ባታወጡት ይሻላል። ከፍ ያለ ፎቅ ወይም የግንባታ አጥር ላይ ለሚሰቀል፣ ነፋስ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ባነር ጠይቁ። ደቃቅ ጽሑፍ ግን አይወድም።

እንግዲህ ሁለት ዋጋ ስታወዳድሩ ካሬውን ብቻ አትዩ። ማጠፍና ቀለበት ተካቷል? ፋይሉን የሚያይ ሰው አለ ወይስ እንደመጣ ነው ወደ ማሽኑ የሚሄደው? በጀታችሁ ትንሽ ከሆነና አንድ ባነር ብቻ ከሆነ፣ በልኩ የተሠራ ጄፔግ ይዛችሁ ርካሹ ጋ ሂዱ፤ ምንም አይላችሁም። ኦፕን ፋይል ከያዛችሁ ግን ትንሽ ጨምራችሁ ፋይል የሚያይላችሁ ጋ ብትሄዱ ይሻላል። የትም ብትሄዱ፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የመጨረሻውን ምስል በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። እሱ በፎቶም ቢላክ ግድ የለም።