ሞተር እያፈላ ላስቸገራችሁ፦ የዓባይ ማዶው ራዲያተር ሠሪ

ባህር ዳር ውስጥ ሞተር እየሞቀ ያስቸገረው ሰው ካለ ይሄን ያንብብ። ዓባይ ማዶ አንድ ራዲያተር ሠሪ አሉ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውን እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም፤ ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካላወጣሁት እረፍት አይሰጠኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኞቼ አንድ ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን እየሠራን ነው። አትሳቁ። ገና አልበረረችም፤ ፈቃዱም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ ግን ግቢ ውስጥ ብረት ላይ ታስሮ፣ ፕሮፔለር ተገጥሞለት ይሠራል። ከመኪና የወረደ 1.3 ሊትር የሱዙኪ ሞተር ነው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ። ሙሉ ጋዝ ሰጥተነው ትንሽ እንደቆየ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ውስጥ ይገባል። አንድ ጋራዥ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይነሳ አሉን። ሌላ ቦታ ደግሞ ትልቅ ራዲያተር ግዙ ተባልን። ለመኪና ምንም አይደለም። አውሮፕላን ላይ ግን ትልቅ ራዲያተር ክብደት ነው፤ ንፋስም ይገትራል።

ጋሼ መጥተው መጀመሪያ ያሉት "እስቲ አስነሱልኝ" ነው። እጃቸውን ከራዲያተሩ ጀርባ አዙረው ንፋሱን ዳሰሱ። ለካ ንፋሱ በመሃል ከማለፍ ይልቅ በጎንና በጎን እያመለጠ ኖሯል! ላሜራ ቆርጠው ዳር ዳሩን ደፈኑት። የተጣመሙትን ስስ ቆርቆሮዎች በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ አቃኑ። የራዲያተሩንም ክዳን ቀየሩት። እዚህ ከተማ ክዳን ቀልድ አይደለም። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት አፍኖ የሚይዝ ደህና ክዳን ሲገጠም ግን መፍያው ከ110 ዲግሪ ያልፋል።

ሙቀቱ ወረደ፤ ለሙሉ ጋዝ ግን አሁንም አልበቃም። አውሮፕላን ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። ፍጥነቱ ግን ገና ስለሆነ ራዲያተሩ በቂ ንፋስ አያገኝም። ከፍ ካለ በኋላ ጋዝ ይቀነሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ጭንቁ የጥቂት ደቂቃ ነው። ይሄን ስነግራቸው ሳቅ አሉና "የዓባይ በረሃ አቀበት ነዋ!" አሉኝ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ጭነት መኪና ስንቴ አፍልቶ እንደመጣላቸው እሳቸው ያውቃሉ።

መላቸው ራዲያተሩ ላይ ውሃ መርጨት ነው፤ መድፋት አይደለም። ገበሬ በጀርባው አዝሎ መድኃኒት የሚረጭበትን ዕቃ ኖዝል (መርጫ ጫፉን) ፈቱ፤ ከመኪና መስታወት ማጠቢያ ፓምፕ ጋር በቱቦ አገናኙት፤ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ ንፋሱ በሚገባበት በኩል አሰሩት። መጀመሪያ ኖዝሉን ላላ አድርገው ረጩ። ጠብታው ወፍራም ነበርና ቆርቆሮው ላይ እየተንሸራተተ ሲሚንቶው ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ አጠበቁት። ውሃው ጉም ሆነ። ራዲያተሩን ሲነካ ይጠፋል፤ ወደ መሬት የሚወርድ ነገር የለም። "አያችሁ? ከስሩ መሬቱ ከረጠበ ውሃችሁን እየደፋችሁት ነው" አሉን።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ሊትር ውሃ 40 ዲግሪ ያህል ሞቆ ቢንጠባጠብ ይዞት የሚሄደው ሙቀት 170 ኪሎጁል ገደማ ነው። ያው ሊትር ሙሉ በሙሉ ቢተን ግን ከ2,200 ኪሎጁል በላይ ይወስዳል። 13 እጥፍ ገደማ ማለት ነው! ራዲያተራችን ሙቀት ለማስወጣት 10 ኪሎዋት ቢያንሰው እንኳ በደቂቃ ከሩብ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ውሃ ቢተን ይሸፍነዋል። ግማሹ ይባክን ብንል፣ ለ5 ደቂቃ 3 ሊትር በቂ ነው። ውሃው ሲያልቅ ደግሞ ክብደቱም አብሮት ያልቃል።

ከጣና የቀዳነውን ጀሪካን ግን አላስነኩንም። ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ስለሚቀር ራዲያተሩ ከውጭ በኩል እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ቅርፊት ይይዛል። የባትሪ ውሃ ወይም ንጹህ የዝናብ ውሃ ነው የሚፈቅዱት። ሞተሩና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ እንዳይረጥቡም መከለያ ሠሩ። አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩን፦ "ይሄ ለአቀበት ነው። ሜዳ ላይም ካስፈለጋችሁ ራዲያተራችሁ ታሟል።"

አሁን ሞተሩ በሚያዝያ ፀሐይ፣ በሙሉ ጋዝ፣ ጌጁ መሃል ላይ ቆሞ ይሠራል። ያስከፈሉን ደግሞ ይሄን ሁሉ ለሠራ ሰው ትንሽ ነው፤ ጨምረን ብንሰጣቸው መለሱልን። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ባጃጅም፣ አይሱዙም፣ የመስኖ ፓምፕም ያላችሁ ሂዱ። ራዲያተሩን ብቻ ፈታችሁ አትውሰዱ፤ ሞተሩ ሲሠራ ካላዩ እጃቸውን አይሰነዝሩም። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋ አለ። ሰንበት አይሠሩም። ቦታው ለጠፋው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አመላክተዋለሁ።