«ጉልበቴ ከዳኝ» ያሉትን እናት በትክክል ላዳመጠች ባለሙያ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አለች። ስሜ አደባባይ ላይ አይውጣ ስላለችን ስሟን ትተነዋል፤ ምስጋናችን ግን አይቀርም። እኛም በዚሁ ሙያ ያለን ስለሆንን የምናመሰግናት በደፈናው ሳይሆን የሠራችውን አንድ በአንድ አይተን ነው።

እናታችን የ74 ዓመት ሰው ናቸው። «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ። በቋንቋችን ጉልበት መገጣጠሚያውም ነው፣ አቅሙም ነው። ቀደም ሲል የሄዱባቸው ቦታዎች ሁሉ የሰሙት መገጣጠሚያውን ብቻ ነው። ራጅ ተነሱ፣ ቅባት ታዘዘላቸው፣ መርፌ ተወጉ፣ የሚያሞቅ መብራት ስር ለሳምንታት ተቀመጡ። ከወንበር ሲነሱ ያያቸው ግን አንድም ሰው የለም። መጨረሻ ላይ «እርጅና ነው እማማ፣ አርፈው ይቀመጡ» ተብለው ተሸኙ። ያንገበግባል! ለአዛውንት ከዚህ የከፋ ምክር የለም። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረገበት ጥናት ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ አጥተዋል።

እሷ ገና ስትገባ የጠየቀችው «እማማ፣ ጉልበቴ ሲሉ እዚህ ጋ ያምዎታል ወይስ አቅም ነው ያነስዎት?» ብላ ነው። «አያመኝም ልጄ፣ ቶሎ አልታዘዝ ይለኛል እንጂ» አሉ። «ቶሎ» የምትለዋን ቃል ያዘቻት። እጇ ይባረክ!

ወንበሩን ግድግዳ አስደግፋ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ እንዲነሱና እንዲቀመጡ አደረገች። 19 ሰከንድ ፈጀባቸው። ከ15 ሰከንድ ካለፈ ጡንቻ ለመዳከሙ ምልክት ነው። እሷ ግን ከቁጥሩ በላይ አየች፤ ያለ እጅ ድጋፍ መነሳታቸው ጥንካሬው እንዳለ፣ የሸሻቸው ፍጥነቱ እንደሆነ ነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ65 ዓመት በኋላ የጡንቻ ጥንካሬ በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲቀንስ፣ ጥንካሬን በፍጥነት የማውጣት አቅም ከ3 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ጡንቻ ውስጥ ፈጣንና ዘገምተኛ ክሮች አሉ፤ ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ ናቸው። ክሮቹን የሚያዝዙ ነርቮችም ከ60 ዓመት ወዲህ እየሞቱ ይሄዳሉ። ያለ አዛዥ የቀረውን ፈጣን ክር አንዳንዴ የጎረቤት ዘገምተኛ ነርቭ ይረከበዋል፤ ክሩም ባሕርዩን ቀይሮ ዘገምተኛ ይሆናል። ጡንቻ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከሰከንድ ሢሶ በላይ ይፈጅበታል፤ ምንጣፍ ላይ ተደናቅፎ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው እግራቸው ጠንካራ የሚመስል አዛውንት ድንገት ወድቀው የሚሰበሩት። የታክሲ ደረጃ መውጣትና ከበርጩማ መነሳት የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራሯን በዝርዝር የምንጽፈው ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ብለን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጅማቱ እንዲለምድ ሁሉንም በዝግታ አሠራቻቸው። ወንበሩ ዝቅ ሲልባቸው ጠንከር ብሎ የታጠፈ ቡልኮ አነጠፈችበት። እግር ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ተረከዝ መሬት ይረግጣል፣ ደረት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ከዚያ መነሳት። በአራተኛው ሳምንት ፍጥነት ገባ፦ «አንድ!» ስትል የቻሉትን ያህል ፈጥነው ይነሳሉ፣ ሲቀመጡ ግን እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ነው። በአንድ ዙር ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ተኩል እረፍት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። ስምንቱም ሳይዘገዩ ሲያልቁ የአንድ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ ደረታቸው ላይ አሳቀፈቻቸው።

ብዙ እንቅስቃሴ አሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ አዛውንቱ ሲዘገዩ «በርቱ፣ ሁለት ቀረ!» ይላሉ። እሷ ስድስተኛው ከመጀመሪያው ከዘገየ «በቃ እማማ» ብላ ታስቆማለች፤ ዘግይቶ የተሠራው ፍጥነትን አያስተምርምና። ትንፋሽ አፍኖ መነሳት ደም ግፊትን ስለሚያንር ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ ታደርጋለች። ነጠላ ጫማ አድርጎ መሥራት አይፈቀድም። ደረቱን የሚያመው፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም በቅርቡ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪም ሳያየው አትጀምርም።

አንዷን ደግነቷን ሳንጽፍ ብናልፍ ግን እንበድላታለን። «ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ስግደት» አሉ። ሰግጄ መነሳት ካቃተኝ ብለው ፈርተው ካቆሙ ቆይተዋል። ምንጣፍ አነጠፈችና ራሷ ቀድማ ወለሉ ላይ ተኛች። በጎን መዞር፣ በክርን ከዚያም በእጅ መደገፍ፣ በአራት እግር ሆኖ ወደ ወንበሩ መዳህ፣ ሁለት እጅ ወንበሩ ላይ፣ የበረታውን እግር ወደ ፊት መትከል፣ መግፋት፣ ዞሮ መቀመጥ፣ ለመቆም ሳይቸኩሉ አንድ ደቂቃ መቆየት። ፍርሃታቸው እስኪለቃቸው ደጋግማ አብራቸው ተነሳች። ወገቧ እንዴት እንደሚደክም የምናውቀው እኛ ነን። እግዜር ይስጥልን!

በምግቡም «ጾሙን ይተዉ» አላለችም። አዛውንት በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ 55 ኪሎ ለሚመዝኑት እናታችን ከ55 እስከ 66 ግራም ማለት ነው። በፍስክ ቀን አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም ምስር፣ ክክና ሽሮ ወፈር ብለው እንዲሠሩና በየማዕዱ እንዲኖሩ ከምግብ አብሳያቸው ጋር ተነጋገረች፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው።

በ12ኛው ሳምንት ያው የአምስት ጊዜ ፈተና 13 ሰከንድ ወሰደ። ዕድሜያቸው ገፍቷል የምትሉ ካላችሁ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ዕድሜያቸው 90 ገደማ ከሆኑ 10 ሰዎች የስምንት ሳምንቱን ልምምድ የጨረሱት 9ኙ የእግራቸውን ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ እንዳሳደጉ ታትሟል።

እናትና አባት ቤት የዋሉባችሁ እባካችሁ አትዘግዩ። ውጭ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ገንዘብ የምትልኩም ለዚህ የሚሆን ጨምሩበት። ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን፤ ስትደውሉ የወላጃችሁን ዕድሜ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደወደቁ አዘጋጅታችሁ ይሁን፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።